የሚመለስ ብርሃን፣ የማይመለስ ብርሃን፦ የዓይን ሕክምና ስንመርጥ ምን እናወዳድር?

ዓይን ሲደክም ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «የት ልሂድ?» ወይም «ስንት ያስከፍላል?» ብለን ነው። ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህ የጠፋው ብርሃን በሕክምና ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የሚመለስ ከሆነ ጊዜ አላችሁ። ብር ማጠራቀም፣ ሐኪም ማጠያየቅ፣ አዝመራው እስኪገባ መቆየት ይቻላል። የማይመለስ ከሆነ ግን በዘገያችሁ ቁጥር የሚሄደው ለዘለቄታው ይሄዳል።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ገልብጦ ይይዘዋል። ለእማማ የዓይን ሞራ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፣ ብር ይዋጣል። ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ) ያለበት ልጃቸው ግን «እኔ እኮ በደንብ አያለሁ» ብሎ ጠብታውን ካቆመ ወራት አልፈዋል። የሞራው ብርሃን የዛሬ ዓመትም ሊመለስ ይችላል። የልጁ አይመለስም።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶው፣ በዓይን ሞራ የመጣ ነው። ትራኮማ ጥሎት የሚሄደው የኮርኒያ (ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በመነጽር መስተካከል የሚችል ችግር 7.8 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ጥናቱ ዓመታት አልፈውታል። ቢሆንም አንድ ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሞራና የመነጽር ችግር ሲደመሩ ከግማሽ በላይ ናቸው፤ ሁለቱም የሚመለሱ ናቸው። በሌላኛው በኩል ያሉት ግን ቀድሞ መከላከልን ብቻ ነው የሚቀበሉት።

ከዚህ በታች ቤተሰብ በተደጋጋሚ የሚቸገርባቸውን ምርጫዎች አንድ በአንድ እናያለን። ሐኪምን የሚተካ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ያግዛችኋል።

የዓይን ሞራ፦ ዘመቻ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ወይስ የግል?

ሞራ ማለት ከብሌኑ ኋላ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ መደፍረሱ ነው። አያምም። ቀስ እያለ ይመጣል። ማታ የመኪና መብራት ይበተናል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ላይ ማየት ይከብዳል። አንዳንዴ ደግሞ ለዓመታት በመነጽር ሲያነቡ የኖሩ አዛውንት በድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምራሉ። ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ሌንሱ መለወጥ የጀመረበት ምልክት ነው፤ ደስታውም ብዙ አይቆይም።

ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ የለም። የሚያጠፋ ቅጠልም፣ የሚያጸዳ ክኒንም የለም። ሕክምናው አንድ ነው፦ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት። ስለዚህ የምታወዳድሩት ሕክምናውን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሳይሆን መቼ፣ በምን ዘዴና የት የሚለውን ነው።

መጀመሪያ «መቼ» የሚለው። «ሞራው ገና አልበሰለም፣ ይጠብቁ» የሚለውን ያልሰማ የለም። ይህ የድሮ ሕክምና ትዝታ ነው። ዛሬ መመዘኛው መብሰሉ ሳይሆን ኑሯችሁን ማወኩ ነው። ልብስ የሚሰፋ ሰው ቶሎ ይቸገራል፤ ቤት የሚውል ሰው ሊቆይ ይችላል። ከልክ በላይ ማቆየትም ጉዳት አለው። ሌንሱ እየጠነከረ ሲሄድ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። አልፎ አልፎም የበሰለው ሞራ ዓይን ውስጥ ፈሶ ግፊት ይጨምራል፣ ከባድ ሕመም ያመጣል፤ ያኔ የሚመለስ የነበረው ብርሃን የማይመለስ ይሆናል። ሕፃን ልጅ ላይ የታየ ሞራ ደግሞ ፈጽሞ ቀጠሮ አይሰጠውም። የሕፃኑ አንጎል ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ስለሆነ ወዲያውኑ ይታከማል።

ቀጥሎ ዘዴው። ሁለት ስም ትሰማላችሁ። አንደኛው በእጅ የሚሠራው በትንሽ መሰንጠቂያ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ራሱን የሚዘጋ መግቢያ ያበጃል፣ የደፈረሰውን ሌንስ እንዳለ ያወጣዋል፣ አዲሱን ያስገባል። ብዙውን ጊዜ ስፌት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ፋኮ ነው። በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ማሽን ገብቶ ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ ይመጠዋል፣ ከዚያም የሚታጠፍ ሌንስ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይድናል፣ ማሽኑና ሌንሱ ግን ውድ ናቸው።

ታዲያ ውዱ ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኔፓል ጥናት ሁለቱን ጎን ለጎን አወዳድሯቸው ነበር። በጣም የበሰለ ሞራ ያለባቸው 108 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከስድስት ወር በኋላ ያለ መነጽር ጥሩ ያዩት በእጅ ከተሠራላቸው 89 በመቶ፣ ፋኮ ከተደረገላቸው 85 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጊዜው ግን በእጅ የሚሠራው በአማካይ 9 ደቂቃ፣ ፋኮው 15 ደቂቃ ተኩል ወስዷል። ዋጋውም በእጅ የሚሠራው ረክሷል።

ከዚህ በመነሳት ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ሞራው ጠንክሮ ለቆየ የገጠር እናት ወይም አባት በእጅ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና የድሃ ምርጫ አይደለም። በሠለጠነ እጅ ከተሠራ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ሞራው ገና ጅምር ላይ ላለ፣ መኪና ለሚነዳ፣ ቶሎ ወደ ሥራ መመለስ ለሚፈልግና አቅሙ ላለው ሰው ፋኮ ይመቻል። ለፋኮ ብለው መሬት የሚሸጡ፣ ብድር የሚገቡ ቤተሰቦች ግን ባይገቡ እመኛለሁ።

አሁን ቦታው። የዓይን ሞራ ዘመቻ በየክልሉ ይካሄዳል። በነፃ ወይም በጣም በአነስተኛ ክፍያ ይሠራል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ሐኪሞቹ በቀን ብዙ ዓይን ስለሚሠሩ እጃቸው የፈታ ነው። ድክመቱ ክትትሉ ላይ ነው። ቡድኑ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የሚገባው ሌንስ ቁጥር ለየሰው ተለክቶ ነው ወይስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው? ሳይለካ የገባ ሌንስ ብርሃን ቢመልስም በኋላ ጠንከር ያለ መነጽር ሊፈልግ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ዓይኑ ቢቀላ፣ ቢያም ወይም ማየቱ ቢቀንስ የትኛው ሆስፒታል ነው የሚቀበለን? ለዚህ መልስ ያለው ዘመቻ ጥሩ ዘመቻ ነው።

የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ እንደ አዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ፣ እንደ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ያሉት፣ ወረፋቸው ረጅም ነው። ግን ሌላ የዓይን ችግር አብሮ ካለ፣ ለምሳሌ ግላኮማ ወይም የስኳር ጉዳት፣ ከዘመቻ ይልቅ እነሱን እመርጣለሁ። ሁሉም ነገር እዚያው ይታያል። የግል ክሊኒክ ፍጥነት ይሰጣል። የምትከፍሉት ግን ለወረፋው መቅረት ጭምር መሆኑን እወቁ፤ ያው ሐኪም ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል ሊሠራ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቀዶ ሕክምናው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ጭጋግ ቢመጣ «ሞራው ተመለሰ» ይባላል። ሞራ አይመለስም። ሌንሱን የያዘው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ነው። በጥቂት ደቂቃ ሌዘር ይጸዳል፣ ሰውየውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ይህን ሳያውቁ ብርሃናቸው ለዘለዓለም የሄደ መስሏቸው ቤት የተቀመጡ አዛውንት ካሉ በአካባቢያችሁ ጠይቁ።

ግላኮማ፦ ጠብታ፣ ሌዘር ወይስ ቀዶ ሕክምና?

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይገድላል። ብዙ ጊዜ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ በጨመረውም ባልጨመረውም ነርቩ እየሳሳ ይሄዳል። የሚጀምረው ከጎን ነው። ሰውየው ፊት ለፊት በደንብ ያነባል፣ ሰው ይለያል፣ ስለዚህ ደህና ነኝ ይላል። በሩን እየገጨ ሲገባ፣ ከጎን የመጣ ባጃጅ ሲያስደነግጠው ነው የሚነቃው። ያኔ የሄደው ሄዷል። የትኛውም ሕክምና የሞተ ነርቭ አይመልስም። የቀረውን ግን ያቆያል።

አፍሪካውያን ከሌሎች ይልቅ ተጋላጭ ነን። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለበት ደግሞ የበለጠ። ስለዚህ ከቤተሰብ አንድ ሰው «የዓይን ግፊት አለብህ» ከተባለ ሌሎቹ ሳይታመሙ መመርመር አለባቸው። ምርመራው ግፊት መለካት ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ነርቩን ማየት፣ የጎን እይታን መለካት አለበት። «ግፊትህ ደህና ነው» ተብላችሁ ብቻ ከተመለሳችሁ «ነርቩስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጠብታው። በየቦታው የሚገኘው ቲሞሎል ነው፤ ርካሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ይደረጋል። አስም ያለበት ወይም ልቡ ዝግ ብሎ የሚመታ ሰው ግን ሊጎዳው ስለሚችል ለሐኪሙ ቀድሞ መናገር ግዴታው ነው። ላታኖፕሮስት በቀን አንዴ ማታ ይደረጋል፣ ግፊትን የበለጠ ይቀንሳል፣ ግን ይወደዳል። ዓይን ሊያቀላና የዓይን ሽፋሽፍት ሊያስረዝም ይችላል። የጠብታ ትልቁ ችግር ግን መድኃኒቱ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው። አንዴ ከገበያ ይጠፋል፣ አንዴ ዋጋው ይንራል፣ አንዴ ደግሞ ሰው ይሰለቻል።

ሌዘሩ ብዙዎች የማያውቁት ምርጫ ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚወጣበትን መረብ በብርሃን ነክቶ ያነቃቃዋል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። በእንግሊዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ገና በምርመራ ግላኮማ የተገኘባቸው ሰዎች በሌዘር ከጀመሩ፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ለሦስት ዓመት ያለ ጠብታ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር ቆይቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ የተደረገው ነው። እዚያም ሌዘሩ ከቲሞሎል ጋር ተወዳድሮ ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ሌዘር ለዘላለም አይሠራም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊደገም ይችላል፣ ለሁሉም ዓይነት ግላኮማም አይሆንም። ማሽኑም በሁሉም ቦታ የለም። ካለ ግን፣ በተለይ ጠብታ በቋሚነት በማይገኝበት ከተማ ለሚኖር ሰው፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ስለ እሱ ነበር የምጠይቀው።

ቀዶ ሕክምናው ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፍታል። በሽታው ለጠና፣ ከከተማ ለራቀ፣ ጠብታ ለማያገኝ ሰው ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መንገድ ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተደጋጋሚ ቀጠሮ አለው፣ ካልተከታተሉት ሊበላሽ ይችላል። ሰዎችን የሚያስቆጣው ደግሞ ሌላ ነው፤ ተሠርቶላቸው ማየታቸው አልተሻሻለም። ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም። ሞራ የተሠራላቸው ጎረቤታቸው ፋሻው ሲነሳ እልል አሉ፣ እሳቸው ግን እንደ ትናንቱ ናቸው። የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ከተሳካ «እንደ ትናንቱ» መሆን ነው ውጤቱ። ይህ ከመሠራቱ በፊት በግልጽ መነገር አለበት።

ጠብታ የምታደርጉ ከሆነ አደራረጉን ጠንቅቃችሁ ያዙት፤ ብዙ ብር የሚፈስሰው ጉንጭ ላይ ነው። እጅ ታጠቡ። ቀና በሉ። የታችኛውን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ኪሱ ውስጥ አንድ ጠብታ ብቻ ጣሉ፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይኑን አይንካ። ዓይናችሁን ቀስ ብላችሁ ጨፍኑ፣ አታርገብግቡ። በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ተጭናችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ይህ መድኃኒቱ በአፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል። ሁለተኛ ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። የተከፈተ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ከአራት ሳምንት በላይ አይቆይም፤ የከፈታችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉበት።

ጸበል የምትጠመቁም ብትሆኑ ጠብታውን አታቋርጡ። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። አቋርጦ የሄደው ብርሃን ግን ጠብታውን እንደገና በመጀመር አይመለስም።

ወረንጦ ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ኢትዮጵያ በዓለም ትራኮማ በብዛት ካለባቸው ሀገሮች ግንባር ቀደም ናት። በተለይ በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች፣ ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አንዷ የሌላዋን ዓይን ገልጣ በወረንጦ ፀጉር ስትነቅል ማየት የተለመደ ነው። በልጅነት ተደጋግሞ የያዘው ትራኮማ የላይኛውን ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ያስይዘዋል፣ ቆቡ ይጠቀለላል፣ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ፀጉሩ ኮርኒያውን ይፍቀዋል። ሕፃናትን የሚይዙት ሴቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ እነሱ ይጎዳሉ።

ወረንጦ ዋጋ የለውም ማለት ስህተት ነው። በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት ጥቂት ፀጉር ብቻ የሚነካቸውን ሰዎች በሁለት ከፍሎ አወዳድሯል። ለአንዱ ወገን ቀዶ ሕክምና፣ ለሌላው ጥሩ ወረንጦና የአነቃቀል ሥልጠና ተሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፀጉሩ የባሰባቸው ከነቃዮቹ በኩል በዝተዋል። በማየት አቅምና በኮርኒያ ጠባሳ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ፀጉሩ አንድ ሁለት ከሆነ፣ ቆቡ ብዙ ካልተጠቀለለ፣ የሚነቅልላት ዓይኗ ጥሩ የሚያይ ሰውና ጫፉ በደንብ የሚገጥም ወረንጦ ካላት፣ ቀዶ ሕክምናን የምትፈራ እናት በዚህ ልትቆይ ትችላለች። ፀጉሩ በሳምንታት ውስጥ ስለሚያድግ ሳይቋረጥ መነቀል አለበት። ያረጀ ወረንጦ ፀጉሩን ከሥሩ አያወጣም፣ ይሰብረዋል፤ የተሰበረው ጉቶ ደግሞ ከረጅሙ ፀጉር የባሰ ይወጋል።

ፀጉሩ ከበዛ፣ ቆቡ ከተጠቀለለ፣ ወይም ኮርኒያው ላይ ነጭ ነገር መታየት ከጀመረ ምርጫው አለቀ፤ ቀዶ ሕክምና ነው። የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች በብዙ ቦታ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሠሩታል። ቆቡ ይደነዝዛል፣ ይገለበጣል፣ ይሰፋል። አንዳንድ ሴቶች የሚፈሩት ሕመሙን ሳይሆን ከዚያ በኋላ እንጨት የሚለቅም፣ እንጀራ የሚጋግር ማጣታቸውን ነው። ይህን ችግር የሚፈታው ሐኪሙ ሳይሆን ባልና ልጆች ናቸው። ቀጠሮው ሲያዝ አብሮ መታቀድ አለበት።

ለልጆቹስ? በዘመቻ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን እንዲወስዱ አድርጉ። ይህ ከፋይዘር ኩባንያ በስጦታ የሚመጣው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ውጦ የሚያበቃ ነው። የቴትራሳይክሊን ቅባት ለስድስት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ መቀባት አለበት፤ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለቱም ካልታጠበ ፊት ጋር አይገፉም። አይናር የሚስበው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። መጸዳጃ ቤት መቆፈር የዓይን ሕክምና ነው ስል ከልቤ ነው።

ፋርማሲ ወይስ ሐኪም?

ልጁ ዓይኑን ያሻል። በበጋና በአቧራ ጊዜ ይብስበታል። ነጩ ቡናማ እየመሰለ ሄዷል፣ ክር የመሰለ ዝልግልግ ይወጣዋል። እናቱ ፋርማሲ ትሄዳለች፣ ጠብታ ይሰጧታል፣ ልጁ በሁለተኛው ቀን ይሻለዋል። ሲያልቅ ይመለስበታል፤ ያንኑ ጠብታ ትገዛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ይሞላል።

ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ማሳከክ ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው፤ አለርጂው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ይለቅቃል። ጠብታው ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት) ከሆነ ግን ያለ ክትትል ሲደጋገም የዓይን ግፊት ያንራል፣ ልጁን በግላኮማ ሊያሳውረው ይችላል። ሞራም ያመጣል። ካርቶኑን አንብቡ። የመድኃኒቱ ስም በ«ሶን» ወይም በ«ሎን» ካለቀ፣ እንደ ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ስቴሮይድ ነው። ብዙ ጊዜ ከፀረ ባክቴሪያ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ስሙ ሁለተኛ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪም ለተወሰነ ቀን ሲያዝዘው ዓይን ያድናል። ያለ ማዘዣ መግዛቱ ነው ጥፋቱ። ለአለርጂ በመጀመሪያ የሚሞከሩት በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ፣ አለማሸትና እንደ ኦሎፓታዲን ወይም ክሮሞግላይኬት ያሉ ጠብታዎች ናቸው። ማሸቱ ራሱ ኮርኒያውን እያሾለ ሊያበላሽ ስለሚችል በቸልታ አትለፉት።

እሾህ ወይም ገለባ የነካው ዓይን ደግሞ ፋርማሲም አይሄድም፣ የጡት ወተትም፣ የተጨመቀ ቅጠልም አይገባበትም። በቀጥታ ወደ ዓይን ሕክምና ነው። በእንዲህ ያለው ቁስል ላይ ስቴሮይድ ከተደረገ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይኑ ሊፈስ ይችላል።

በረኪና፣ ኖራ ወይም የባትሪ አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ሕክምናው የሚጀምረው እዚያው ነው። ዓይኑን ገልጣችሁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ቢቻል ለ30፣ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ ከዚያ ነው ታክሲ የሚጠራው። ድንገት መጋረጃ እንደወረደ ማየት ከጠፋ፣ ብልጭታና ጥቋቁር ነጠብጣብ በድንገት ከበዛ፣ የሕፃን ብሌን ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ያስፈልጋል። የመጨረሻው ሕይወት የሚቀጥፍ የዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስኳር ያለባችሁ

ምርጫችሁ አጭር ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው በታወቀ ጊዜ፣ ዓይነት አንድ ያለበት በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም ሁለቱም በየዓመቱ ብሌን ተከፍቶ ሬቲናቸው (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) መታየት አለበት። «ደህና አያለሁ» መመዘኛ አይሆንም፤ ጉዳቱ ማየትን የሚነካው ዘግይቶ ነው። ብሌን ሲከፈት ለጥቂት ሰዓት ስለሚደበዝዝ መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። ሌዘርም ሆነ ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ በዋናነት የቀረውን ለመጠበቅ ነው፤ በጊዜ ከመጣችሁ ደግሞ መርፌው የተወሰነ ማየት ሊመልስ ይችላል።

መነጽር፦ የመንገድ ዳር ወይስ በምርመራ?

ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ጽሑፍ መራቅ ይጀምራል። ለዚህ መንገድ ዳር የሚሸጠው የንባብ መነጽር ዓይን አያበላሽም። ከ1.00 ጀምራችሁ ምቹ ሆኖ የሚያስነብባችሁን ዝቅተኛ ቁጥር ምረጡ። ችግሩ ሁለቱም መስታወት እኩል ቁጥር መሆናቸው ነው፤ ሁለት ዓይናችሁ ከተለያየ ራስ ምታት ታተርፋላችሁ። ሌላው ጉዳት የማይታየው ነው። መነጽሩን መንገድ ላይ የገዛ ሰው ዓይኑን ሳያስመረምር ዓመታት ያልፉታል፤ ግላኮማ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለመነጽር ተብሎ በተሄደ ምርመራ ነው። ስለዚህ መነጽሩን ከፈለጋችሁት ግዙ፣ ምርመራውን ግን አትዝለሉት።

ለልጅ ግን የመንገድ ዳር መነጽር ፈጽሞ አይሆንም። «መነጽር ያስለምደዋል» ተብሎ የተከለከለ ልጅ ከተጎዳው ዓይኑ የሚመጣውን ምስል አንጎሉ መቀበል ሊያቆም ይችላል፤ ካደገ በኋላ መነጽር ቢደረግለትም አይመለስም። ሰሌዳ የማይታየውን፣ ዓይኑ ሸውረር የሚለውን ልጅ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አሳዩ። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ መጫወትም ቅርብ ብቻ የማየት ችግር እንዳይመጣበት ይረዳል።

መነጽር ቤት «ብሉ ከት» (የስክሪን ሰማያዊ ብርሃንን የሚቀንስ መስታወት) ጨምሩበት ስትባሉ ብራችሁን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ከኮምፒዩተር የሚመጣውን የዓይን ድካም እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ለፀሐይ መነጽር የሚታየው ጥቁረቱ ወይም ዋጋው ሳይሆን ዩቪ 400፣ ማለትም ጎጂውን የፀሐይ ጨረር የሚያግድ፣ መሆኑ ነው።

ከውጭ ብር የምትልኩ

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆቻችሁን ልታስመጡ ስታስቡ «እዚህ ይታከማሉ» ብላችሁ ሞራውን አታቆዩት። በጉብኝት ቪዛ የመጣ ሰው ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአዛውንት የሚሰጠው የጤና መድን) የለውም፤ ወጪው ከኪሳችሁ ነው። ሀገር ቤት አሠርተው ቢመጡ ይሻላል። ሜዲኬር ያላቸው ወላጆች ደግሞ የሞራ ቀዶ ሕክምናና ከዚያ በኋላ አንድ መነጽር ይሸፈንላቸዋል። ስኳር ያለባቸው ወይም በቤተሰብ ግላኮማ ያለባቸው በየ12 ወሩ የግላኮማ ምርመራም አላቸው፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

ለግላኮማ ጠብታ የምትልኩ ከሆነ አንዴ ብዙ ጠርሙስ አትላኩ። ላታኖፕሮስት እስኪከፈት ድረስ በማቀዝቀዣ ነው የሚቀመጠው፤ ሻንጣ ውስጥ ሲሞቅ ከሰነበተ ሊበላሽ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ሐኪማቸውን በስልክ አግኙና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይኸው መድኃኒት እዚያው በቋሚነት ይገኛል ወይ? ካልተገኘስ ሌዘር ይሆናቸዋል ወይ? ሁለተኛው መልስ «አዎ» ከሆነ የጠብታውን ብር ለሌዘሩ አድርጉት።